የአቶ ወልደሥላሴ ዴሶቶ

ሉልሰገድን የሚያውቅ ሁሉ «የድሮ አሜሪካን መኪና ነፍሱ ነው» ይላል። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ፒያሳ ላይ ከእሱ ጋራዥ አጠገብ የመለዋወጫ ሱቅ ይዤ፣ ምሳ አብሬው እየበላሁ፣ ቁጣውንም ዝምታውንም እየቻልኩ የኖርኩት እኔ አብዱልመሊክ ነኝ። መኪና የሚወድ ሰው ዓይኑ ምን እንደሚመስል ደግሞ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነውና። የሉልሰገድ ዓይን አንድም ቀን እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም አንዳንዱን መኪና ከግቢው ሲያስወጣ ጎማውን በእርግጫ ሲመታው አይቻለሁ።

ሥራው ባትላሜራ ነው። የተጋጨውን ያቃናል፣ የዛገውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፣ ስቱኮ ይለቀልቃል። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ከድሮ ቤቶች ጀርባ የተወሸቀች ግቢ ነበረችው። ስሙ የወጣው ግን በሌላ ነው። የድሮ አሜሪካን መኪና ይዞ ለመጣ ሰው፣ መኪናው እዚህ አገር መቼ እንደገባ፣ ለእኛ አገር ተብሎ የተላከ ይሁን ከሌላ ቦታ ዞሮ የመጣ፣ ማን ጋራዥ እንደታከመ ይነግረዋል። ለሰርግ የሚያከራዩት፣ ገዝተው የሚያስቀምጡት፣ ከአያት የወረሱት ሁሉ እየጎተቱ ያመጡለታል። ክፍያ ሲሰጡት ይቀበላል፤ ሲያመሰግኑት ፊቱን ያዞራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካኖች ለራሳቸው የሚሠሩት መኪና መሪው በግራ ነው። በመንገዱ ግራ በኩል ለሚነዳ አገር ሲልኩ ግን መሪውን በቀኝ አድርገው ይሠሩለት ነበር፤ አንዳንዱንም ስም ቀይረውለት ነው የሚልኩት። ዴሶቶ ዲፕሎማት የሚባለው አንዱ ነው። አካሉ የፕሊመዝ፣ ስሙ የዴሶቶ ሆኖ፣ እዚያው አሜሪካ በዚህ ስም የማይሸጥ፣ ለውጭ ገበያ ብቻ የተሠራ መኪና ነው። በእኛም አገር እስከ ሰኔ 1956 ድረስ የሚነዳው በግራ ነበር። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲዞር፣ አቅም ያለው ሌላ መኪና ገዛ፤ አቅም የሌለው መሪውን አስነቅሎ ወደ ግራ አዛወረ። መሪው በተነቀለበት ቦታ፣ ሞተሩንና ተሳፋሪውን በሚለየው ላሜራ ላይ፣ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ቀረ። ያንን ቀዳዳ ሁሉም ባገኘው ነገር ደፈነው። አንዱ ወፍራም ብረት በየደበት፣ ሌላው የበርሜል ቁራጭ በብሎን አሰረበት፣ ሌላው ጨርቅና ቅጥራን ጎሰጎሰበት። ሉልሰገድ በቀኝ በኩል ይንበረከክና እጁን ከዳሽቦርዱ ሥር ይሰዳል። ያንን ልጥፍ ዳብሶ ነው የሚያውቀው።

ሰዉ እጁን ሲሰድ ያያል እንጂ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም ነበር። የሚፈልገው አንድ ልጥፍ ነው፤ ከብስኩት ቆርቆሮ የተቆረጠ፣ ቀይ ፈረስ የተሳለበት።

አባቱ አቶ ወልደሥላሴ እንዲህ ያለ ዴሶቶ ነበራቸው። በአዘቦት ቀን ሰው ያመላልሱበታል፣ በሰርግ ወቅት ሙሽራ ይጭኑበታል። አቅም አጥተው ብዙ ዘመን ቆይተው በ1967 መሪውን ያስነቀሉ ጊዜ ቀዳዳውን ራሳቸው ሲደፍኑ፣ ቆርቆሮውን የያዘላቸው የስምንት ዓመቱ ሉልሰገድ ነው። ፈረሱ ወደ ውስጥ ይዙርልኝ ብሎ የለመናቸውም እሱ ነው፤ ከአባቱ ጎን ሲቀመጥ እያየው እንዲሄድ። አባትየውም ስቀው አዞሩለት።

በጥር 1970 አንድ ጠዋት አቶ ወልደሥላሴ መኪናቸውን አጥበው፣ ነጭ ሪባን አስረውበት፣ ሙሽራ ሊያመጡ ወጡ። አልተመለሱም። መኪናውም አልተመለሰም። ሰው ከደጁ ተወስዶ የሚቀርበት ዘመን ነበርና ሚስታቸው እማማ የሺዓለም ነፍሰ ጡር ሆነው፣ ስንቅ አንጠልጥለው በየእስር ቤቱ በር ዞሩ። የትም ቦታ ስንቁን የሚቀበላቸው አጡ። ከጭንቀት ብዛት መሬት ላይ መንከባለል በጀመሩበት ሰሞን የባላቸው የልብ ወዳጅና የሥራ ባልደረባ ጋሽ ዓምደሚካኤል መጡና ወሬ አለኝ አሏቸው። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ወልደሥላሴን ከነመኪናው ድሬዳዋ አይቶታል፤ ደህና ነው፤ ነገሩ ሲበርድ ይመጣል።

እማማ ስንቁን አስቀምጠው መጠበቅ ጀመሩ። እንቁ የምትባለው ሴት ልጃቸው ተወለደች፤ አባት አልመጣም። ክርስትና ተነሳች፤ አልመጣም። ጋሽ ዓምደሚካኤል ያሉት ታይቷል፣ ደህና ነው ብቻ ነበር። ሌላ ሴት ይዞ ነው የሚለውን የጨመሩበት እማማ ራሳቸው ናቸው። ደህና የሆነ ሰው፣ መኪና ያለው ሰው፣ አራስ ሚስቱን ሊያይ የማይመጣ ሌላ ምን ይዞት ነው? እንደዚያ አሰቡና አመኑት። ከዚያ ወዲያ ስሙን አልጠሩም፤ «ያ ከሐዲ» ነው የሚሉት። ለሞተ ዘመድ ሁሉ ተዝካር ሲወጣ፣ በየዓመቱ በቅዳሴ የሙታን ስም ሲጠራ፣ የእሱ ስም የለበትም። እንዴት ይኖርበታል፤ እሱ በሕይወት አለ፣ ከዚያችኛዋ ጋር ነው። ቤት ውስጥ የነበረውን አንድ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው አልጋ ሥር የወረወሩትም እሳቸው ናቸው። እንጀራ ሸጠው፣ የሰው ልብስ አጥበው ሁለቱን ልጆች ሲያሳድጉ፣ ወገባቸውን ባመማቸው ቁጥር የሚረግሙት እሱን ነበር። እኔ የእስልምና ልጅ ነኝ፣ በሰው እምነት አልገባም፤ ግን ያ እርግማን አንዳንዴ ሱቄ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ ልቤም ይጨነቅ ነበር።

ሉልሰገድ አላመነም። አለማመን ብቻውን ደግሞ የትም አያደርስም። ባትላሜራ የሆነው ለዚህ ነው። ሰው ስሙን ቀይሮ ይደበቃል፣ መኪና ግን የትም ቢሄድ አንድ ቀን ይጋጫል፣ ይዝጋል፣ ባትላሜራ ጋ ይመጣል አለኝ። ያ መኪና ድሬዳዋ ወይም ሌላ አገር ከተገኘ አባቱ ከሐዲ ነው፣ እናቱም እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከተገኘ ግን አባቱ ከከተማው አልወጣም ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ሞት ነው። በሕይወቱ ሙሉ የለመነው አንድ ነገር ቢሆን አባቱ ሞቶ እንዲገኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት ያለው ሰው ፈገግታ ቢያንሰው አልፈርድበትም።

ዴሶቶ አለ የተባለበት ሁሉ ሄዷል። ጅማ ሄዷል፣ አስመራ ሄዷል። ድሬዳዋ ሲሄድ እኔም ዕቃ የማመጣበት ጉዳይ ነበረኝና አብሬው ሄድኩ። አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮ የሚተኛበት አረንጓዴ ዴሶቶ ነበር። ሉልሰገድ በቀኝ በኩል ተንበረከከና እጁን ሰደደ። እኔ ከበስተኋላው ቆሜ ነበር። ቀዳዳው በወፍራም ብረት ተበይዶ ኖሯል። መሬት ላይ ቁጭ አለና ሳቀ፤ የደስታ ነው ብዬ ነበር፣ ሳየው ግን እንባው ይወርዳል። ምክንያቱን የነገረኝ በዚያ ቀን ነው።

ስንመለስ እማማ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ሳይሉ «አገኘኸው?» አሉት። አላገኘሁትም አላቸው። ወደ ምስራቸው ተመለሱ። እናትየው ልጃቸው አባቱን ሊጠይቅ፣ ታርቆ አብሮት ሊኖር የሚዞር ይመስላቸው ነበር። ልጅየውም ለእናቱ ምን እንደሚፈልግ አልነገራቸውም፤ ሞቶ እንደሆነ ላረጋግጥ ነው ብሎ እንዴት ይናገር። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱም እየተኳረፉ ኖሩ።

አምና መጋቢት ላይ ሰፈራችን ፈረሰ። ስለ ልማቱ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ተከራክሬ ያተረፍኩት የደም ግፊት ብቻ ነው። የእኔም ሱቅ ሄደ፣ የእሱም ግቢ ሄደ። እማማ ከእንቁ ጋር ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጡ። እድራችን ተበተነ፤ ድንኳኑ አንዱ ጋ፣ ወንበሩ ሌላው ጋ ቀረ። እኔና ሉልሰገድ የቀረ ዕቃችንን ልንሰበስብ በሄድንበት ጠዋት፣ ብረት የሚለቅም አንድ ቆራሌ እየሮጠ መጣ። ዶዘሩ ግድግዳ ሲጥል ከኋላው በሩ በብሎኬት የተደፈነ ክፍል ተገኘ፣ ውስጡ የመኪና ሬሳ አለ፣ ትገዛለህ ወይ አለው።

ቦታው ከጋራዡ አንድ ግቢ አልፎ ነው። በዚያ ዘመን የተወረሰ ዕቃ ይከማችበት የነበረ ቤት ነው ይባላል፤ ኋላ ፊት ለፊቱ ጎጆ በጎጆ ላይ ተሠራና ከነመኖሩም ተረሳ። ሉልሰገድ እዚያ አጥር ሥር ሲሸና ኖሯል፣ እኔም ጭምር። ጎማ የለው፣ ሞተር የለው፣ መስታወት የለው፤ ቆዳው የተገፈፈ ከብት ይመስላል። ኮፈኑ ላይ ስሙ በግማሽ ይነበባል፤ ዴሶቶ።

ለመንበርከክ ጊዜ ወሰደበት። እጁን ሰደደ። እጁ እዚያው ቀረ። ቆይቶ ጭንቅላቱንም አስገባና በምራቁና በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከዝገቱ መሐል ቀይ ነገር ታየኝ፤ የፈረስ እግር ነው።

ተነስቶ ወደ ሾፌሩ በር ዞረ። በሩ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። ባትላሜራ ነውና ጣቱን አስገብቶ ጠርዙን ዳሰሰው፤ ላሜራው ወደ ውስጥ ነው የታጠፈው። ቆራሌው ስንት ትሰጠኛለህ ይላል፣ ዶዘሩ ያጓራል፤ እሱ ጣቱን ከቀዳዳው አያወጣም። እጁን ይዤ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ከዚያው ከነአቧራችን ወደ አፍንጮ በር ሄድን። ጋሽ ዓምደሚካኤል ዘጠናን ተጠግተዋል፣ ዓይናቸው አያይም፤ የልጅ ልጆቻቸው ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋቸው ነበር። ሉልሰገድ እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብሎ መኪናው ፒያሳ ላይ መገኘቱን ነገራቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨበጡ። ከዚያ ሳይጠየቁ ተናገሩ። መንገድ ላይ ታጣቂዎች ወልደሥላሴን አስቁመውት ነበር። መኪናውን ለሥራ እንፈልገዋለን፣ ውረድ አሉት። ሙሽራ እየጠበቀችኝ ነው፣ አድርሼ ላምጣላችሁ አላቸው ወልደሥላሴ። ደግመው ውረድ አሉት፤ ቃል አለብኝ አለ። በበሩ ላይ ተኮሱበት። አስከሬኑን በጭነት መኪና ወሰዱት፣ ዴሶቶውን ገፍተው እዚያ ግቢ አስገቡት። ዓምደሚካኤል ከማዶ ሆነው ሁሉን አይተዋል።

«ታዲያ ድሬዳዋን ከየት አመጡት?» አለ ሉልሰገድ።

«እናትህ ሰባት ወሯ ነበር። ጽንሱ ይወርዳል ብዬ ፈራሁ። እስክትወልድ ነው ያልኩት።»

«ከወለደች በኋላስ?»

«ማልቀስ ተከልክሎ ነበር፤ ያለቀሰ ይወሰድ ነበር። ጊዜው ይለፍ አልኩ።»

«ጊዜውም አለፈ እኮ፣ ጋሼ።»

«አለፈ» አሉ ሽማግሌው። «ስትረግመው ሰማኋት። ያን ጊዜ ምን ብዬ ልንገራት? እያደር ከበደኝ።»

በእኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። የታመመ ይዳን፣ ያረገዘች ትውለድ፣ የራቀ ይግባ ተብሎ ይቆያል፤ የሚነገርበት ሰዓትም፣ የሚናገረውም ሰው ይመረጣል። ደግ ልማድ ነው፤ እኔም በቤቴ አድርጌዋለሁ። ጋሽ ዓምደሚካኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። በዚህ ደግ ልማድ የአንዲት ሴት ዕድሜ ተበላ።

ስንወጣ ሉልሰገድን ለመንኩት። እናትህ ሰማንያን አልፈዋል፣ ልባቸው ደካማ ነው፣ የሚጠሉትን ሰው እንደጠሉ ይሂዱ፣ አሁን መንገር መግደል ነው አልኩት። ቆመና አየኝ።

«አንተም እስክትወልድ በለኝ» አለኝ።

አፈርኩ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩትም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ገባን። መርዶ የሚነገርበት ሰዓት ነው። በድሮው ሰፈር ቢሆን የእድሩ ሽማግሌዎች በሩን ይሞሉት ነበር፤ አሁን ሉልሰገድ፣ እኔ፣ ከታች ፎቅ ለምነን ያመጣናቸው፣ እማማ የማያውቋቸው አንድ አዛውንት ብቻ ነበርን። እማማ በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ገባቸው። እንቁን ከጎናቸው አይተው፣ ሉልሰገድን ከፊታቸው አይተው፣ የሚሞትባቸው ሰው ጠፋቸውና ግራ ተጋቡ።

«ማን ነው?» አሉ።

ሉልሰገድ ሁሉንም ነገራቸው። የመኪናውን፣ የበሩን፣ የሙሽራዋን፣ የድሬዳዋውን ወሬ ከየት እንደመጣ። ሲነግራቸው ድምፁን አልቀነሰም፣ አላለሳለሰምም። እንቁ ጮኸች። አባቷን አይታው የማታውቀው እሷ መሬት ላይ ወደቀች። እማማ ግን አልጮሁም። ነጠላቸውን ይዘው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ግድግዳውን ያያሉ። እግዜር ያጽናዎ አልኳቸው፤ የሰሙኝም አልመሰለኝ። በመጨረሻ ወደ ሉልሰገድ ዞሩ።

«ሙት ስወቅስ ነው የኖርኩት በለኛ» አሉት።

ሰው አብሮ ቁርስ የበላውን ሰው እንኳ በክፉ ሲያነሳ፣ ሞቷል ከተባለ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ አፉን ይይዛል። እሳቸው አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አፋቸውን አልያዙም። ይህን እያሰቡ እንደሆነ ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝም።

ከፎቁ ሥር ያለው ቡና ቤት ሲከፈት፣ ሰው ወደ ሥራው ሲወርድ ቤቱ እንደዚያው ነው። የሚያለቅስ የለም። እንቁ እንኳ ድምጿ ተዘጋ። የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች በሩ ላይ እየቆሙ ማን ሞተ ይላሉ፤ ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ነው ሲባሉ ይተያያሉ፣ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም፤ የማያውቁትን ሰው ምን ብለው ያልቅሱለት። ሉልሰገድም የአባቱን መኪና እንጂ የአባቱን ወግ ብዙ አያስታውስም። እኔ ጭራሽ አላገኘኋቸውም። እማማ ይህን ሁሉ እያዩ ነበር።

«ዓምደሚካኤልን አምጡልኝ» አሉ።

ሉልሰገድ ምን ሊያደርጉልሽ ነው አላቸው። ለእኔም የመጣልኝ ሊረግሟቸው ነው የሚል ነው፤ ቢረግሟቸውም እውነታቸውን ነው አልኩ በልቤ። ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው የት እንደምንሄድ አልጠየቁኝም፤ ጋቢዬን ብቻ አቀብሉኝ አሉ። አራቱን ፎቅ እኔና ሉልሰገድ በወንበር ተሸክመን አወጣናቸው። ክብደታቸው የልጅ ነው።

እማማ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቁላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ እማማ ድምፅ ዘርግተው ማሪኝ፣ የሺዓለም አሉ። እማማ ስለ ምሕረቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ማርኩህም አልማርኩህም አላሉ። የተዘረጋውን እጅ ይዘው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«እሱን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው» አሏቸው። «ለቅሶውን አንተ ጀምርና ልከተልህ። እኔ እሱን በደግ ማንሳት ጠፍቶብኛል።»

ጋሽ ዓምደሚካኤል አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ እምቢ አላቸው። እማማ የሺዓለም እጃቸውን እንደያዙ ጠበቁ።